ምዕራፍ ሰባት፦ ከሦስት ሠራተኛ አንዱ ሲቀር

በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቀጥ ብላ ስትቆም ሱቃችሁን ዝጉ ያለ አዋጅ አልወጣም። ከተማዋ የቆመችው የሚሠራ ሰው ስለጠፋ ነው። እንጀራ የምትጋግረው፣ ውሃ ከምንጭ የምትቀዳው፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርደው፣ በቅሎ ጫኙ፣ መቃብር ቆፋሪው፣ ሁሉም በአንድ ሰሞን አልጋ ላይ ዋሉ። የሞተውን ከቤት የሚያወጣ ጠፍቶ ሬሳ ሳይቀበር መክረሙን፣ ጅብም መድፈሩን የዘመኑን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ይናገራሉ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው ክፉኛ ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ ብቻ ያለቀውን ሰው ከ10,000 በላይ ያደርሱታል። የዚያች ከተማ ሕዝብ ከዛሬው አንድ ክፍለ ከተማ ያነሰ እንደነበር ስናስብ ቁጥሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባናል።

በሽታው በዓለም ዙሪያ እስከ 50 ሚሊዮን ሰው እንደገደለ የሚገመተው የ1918ቱ (እ.ኤ.አ.) ኢንፍሉዌንዛ ነው፤ አገራችን የምታውቀው የኅዳር በሽታ በሚል ስሙ ነው። ከባሕር ጠረፍ ወደ መሀል አገር በባቡሩ መስመር እንደገባ ይታመናል። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነበር፤ ለገሃር አሁን ቆሞ የምናየው የጣቢያ ሕንጻ የተመረቀው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ በ1922 ዓ.ም. ቢሆንም ሰውና ዕቃ ግን በዚሁ ሰፈር ይወርድ ነበር። የባቡሩን ፍጥነት ልብ ማለት ያስፈልጋል። የግመልና የበቅሎ ጉዞ ሳምንታት በሚፈጅበት ዘመን ጠረፍ ላይ የታመመ ነጋዴ ወይ መንገድ ላይ ይድናል፣ ወይ መንገድ ላይ ይቀበራል። ባቡሩ ግን ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ 784 ኪሎ ሜትሩን በሦስት ቀን ይጨርሳል። የጉንፋን (የኢንፍሉዌንዛ) ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምልክት እስኪያሳይ ከአንድ እስከ አራት ቀን ይወስድበታል። ስለዚህ ጅቡቲ ላይ የተያዘ መንገደኛ ለገሃር ሲወርድ ገና ላያስል ይችላል። ደህና ነኝ ብሎ ዘመድ ስሞ፣ ጠላ ቤት ገብቶ፣ በማግስቱ ይወድቃል።

ስለ ንግድ ለሚያስብ ሰው የዚያ በሽታ ክፉ ጠባይ ሌላም ነበር። የተለመደው ጉንፋን የሚያይለው በሕፃናትና በሽማግሌዎች ላይ ነው። የ1918ቱ ግን ከ20 እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ያሉትን፣ ትከሻቸው የጠናውን፣ ቤት የሚያስተዳድሩትን መርጦ ገደለ። ያ ዕድሜ የየሥራ ቤቱ ሠራተኛ ዕድሜ ነው።

አዲስ አበባ ይህን መከራ አልረሳችም። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን ይባላል። እኔ ይህን ልማድ አከብረዋለሁ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሐዘንን በልጅ ልጅ ማስታወስ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን በሽታው ያለው በደጅ ቆሻሻ ውስጥ ሳይሆን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አብረው ከሚተነፍሱ ሰዎች መካከል ነው። ጭሱ ደግሞ ሳንባ ለታመመ ሰው ጉዳት ነው። ቀኑን የሥራ ቤቶች የዓመት መለማመጃ ቀን ቢያደርጉት ደስ ይለኛል። መስኮት የሚከፈት መሆኑ የሚታይበት፣ የስልክ ዝርዝር የሚታደስበት፣ ከዚህ በታች የምተርከው የወረቀት ሙከራ የሚደረግበት ቀን።

ስለ ወረርሽኝ ሲነሳ የአብዛኞቻችን ሐሳብ ወደ ኮሮና ይሄዳል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሰው መያዙ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መጋቢት 30 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ያ ትዝታ ይጠቅመናል፣ ሊያሳስተንም ይችላል። ጉንፋን ከኮሮና ይልቅ ችኩል ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዝለል ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል፣ ሰውዬው ምልክት ከማሳየቱ አንድ ቀን ቀድሞ ማስተላለፍ ይጀምራል፣ ከዚያም አምስት ስድስት ቀን ይቀጥላል። አንድን ከተማ ሲመታ ቀስ እያለ ወራት አይቆይም፤ በስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ገደማ ሽቅብ ወጥቶ ይወርዳል፣ ከወራት በኋላ ደግሞ ይመለሳል። አዲስ ቫይረስ ከታወቀ በኋላ ክትባቱ ተሠርቶ ለመውጣት አምስት ስድስት ወር ስለሚፈጅ የመጀመሪያውን ሞገድ ያለ ክትባት ነው የምንቀበለው። የአሜሪካ መንግሥት በ1998 ዓ.ም. ገደማ የወፍ ጉንፋን ስጋት በነበረበት ጊዜ ለድርጅቶች ባወጣው የዝግጅት መመሪያ፣ ሞገዱ በሚያይልባቸው ሳምንታት እስከ 40 በመቶ ሠራተኛ ሊቀር እንደሚችል አስቡ ብሎ ነበር። ከነዚህ ብዙዎቹ የታመሙት ራሳቸው ናቸው፤ ሌሎቹ የታመመ የሚያስታምሙ፣ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ልጅ ይዘው የተቀመጡ፣ ወይም መጓጓዣ ያጡ ናቸው።

በሰኔ 2001 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት አዲሱን የኤች ዋን ኤን ዋን ጉንፋን ወረርሽኝ ብሎ ሲያውጅ በሽታው በዚያው ወር ወደ ኢትዮጵያም ገባ። ቀለል ያለ ሆኖ አለፈ። ብዙ ነጋዴ መኖሩንም አላወቀም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ቀላል ሆኖ ያለፈው ዝግጅትን ትርፍ ሥራ ያስመስለዋል።

እስቲ ለገሃር አካባቢ ካሉት ሕንጻዎች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዘጠኝ ሰው ያለው የትራንዚት ድርጅት አለ እንበል። ባለቤቷ፣ ሁለት ትራንዚተሮች፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ጸሐፊ፣ ተላላኪ፣ ሹፌር፣ ጽዳት፣ ጥበቃ። በዚህ ሰፈር እንዲህ ያለ ድርጅት ብርቅ አይደለም። የአስመጪዎችን ዕቃ ከጅቡቲ ተከታትሎ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም ሌላ ጣቢያ ላይ ቀረጡን አስከፍሎ ያስወጣል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ይሰብሰቡ። ዘጠኙ ስሞች በዘጠኝ ቁራጭ ወረቀት ይጻፉ፣ ይታጠፉ፣ ባርኔጣ ውስጥ ይቀላቀሉ። ከዚያ ሦስት ይውጡ። የወጡት ሦስቱ ለሁለት ሳምንት የሉም፤ ስልክም አያነሱም፣ ትኩሳት ላይ ናቸው።

መጀመሪያ የወጡት ጸሐፊዋ፣ ሹፌሩና ጽዳቷ ናቸው እንበል። ያስቸግራል፣ ግን ድርጅቱ ይሄዳል። ወረቀቶቹ ይመለሱና እንደገና ሦስት ይውጡ። አሁን ባለቤቷ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋና አንደኛው ትራንዚተር ወጡ። ክፍሉ ዝም ይላል። ቼክ የሚፈርመው ማን ነው? ባንክ የተመዘገበው ፊርማ የባለቤቷ ብቻ ነው። የወሩ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚታወቀው በማን ነው? የይለፍ ቃሉ በሒሳብ ሠራተኛዋ ስልክ ውስጥ ነው፣ ስልኩም ከሷ ጋር ቤቷ ነው። ሞጆ የተቀመጡትን ኮንቴይነሮች የሚከታተለው የቀረው ትራንዚተር የማን ዕቃ የት እንደደረሰ ያውቃል? ግማሹን ያውቃል። ሌላው ግማሽ በታመመው ባልደረባው ጭንቅላትና በግል ማስታወሻ ደብተሩ ውስጥ ነው። ኮንቴይነሩ በዋለ ባደረ ቁጥር የመዘግየት ክፍያው (ዴመሬጁ) እና የመጋዘን ኪራዩ ይቆጥራል፣ ደንበኛው ይጮኻል። ደሞዝም ሊከፈል አልቻለም፤ ገንዘቡ ባንክ ውስጥ እያለ።

ይህ ሙከራ ከማውቃቸው የዝግጅት መንገዶች ሁሉ ርካሹ ነው፤ ወጪው አንድ ከሰዓት በኋላና አንድ ስኒ ቡና ነው። ከሱ የሚወጣው ሥራ ግን ዛሬ ካልተሠራ በበሽታ ጊዜ አይሠራም። ለምሳሌ ውክልና። ባለቤቷ ለሌላ ሰው ውክልና ለመስጠት ሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርባ መፈረም አለባት። በትኩሳት ተይዛ ወረፋ ልትይዝ አትችልም፣ ጽሕፈት ቤቱም በዚያ ሳምንት የራሱ ሠራተኞች ጎድለውት ይሆናል። ባንክ ላይ ሁለተኛ ፈራሚ ማስመዝገብም እንዲሁ ነው፤ ደብዳቤ፣ የፊርማ ናሙና፣ የመታወቂያ ቅጂ ይጠይቃል፣ ቀናት ይወስዳል። የውክልናው ወሰን ጠበብ ሊል ይችላል። ደሞዝ፣ ግብር፣ የጉምሩክ ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ በዚህ ቢወሰን ለባለቤቷም ሥጋት አይሆንም።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለት ተተኪ ይመደባል፤ አንድ ተተኪ አይበቃም፣ ምክንያቱም ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሰዎች አብረው ይታመማሉ። ተተኪው ሥራውን በወሬ ሳይሆን በእጁ ሠርቶ ይወቀው። በሳምንት ግማሽ ቀን ጸሐፊዋ ከትራንዚተሩ ጎን ተቀምጣ ዲክላራሲዮን ስትሞላ፣ ተላላኪው ከሒሳብ ሠራተኛዋ ጋር የባንክ ዝውውር ሲያዘጋጅ፣ በሁለት ወር ውስጥ ድርጅቱ ሌላ ድርጅት ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ባለቤቶች የማያዩት ችግር አለ። ሠራተኛ የሚያውቀውን ለሌላ ለማሳየት የሚሳሳው በክፋት አይደለም። የሚያውቀው ነገር የእንጀራው ዋስትና ነው። ለሌላው ካስተማርኩ ነገ በርካሽ ይተኩኛል ብሎ ይሰጋል፣ ስጋቱም ካየው የተነሣ ነው። ስለዚህ ባለቤቷ አስቀድማ፣ በሁሉም ፊት፣ ያስተማረ ሰው ቦታውን እንደማያጣ ልትናገርና በጽሑፍ ልታኖረው ይገባል። ለማስተማሪያው ሰዓትም ልትከፍል ይገባል። ይህ ካልሆነ የሥልጠናው ወረቀት ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፣ ዕውቀቱ ግን ከሰውዬው ጋር አልጋ ላይ ይተኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለሥራ ቤቶች የሚጻፉ ምክሮች አብዛኛውን ቦታ ለሳሙና፣ ለሳኒታይዘርና ለማስክ ይሰጣሉ። ያስፈልጋሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ መሙላት፣ ትርፍ ሳሙና መግዛት፣ የሚከፈት መስኮት ያለውን ክፍል ለብዙ ሰው መስጠት፣ እነዚህ በአንድ ቀን የሚያልቁ ሥራዎች ናቸው። ሥራ ቤት ውስጥ ጉንፋን እንዳይዛመት ከሁሉ የሚበልጠው ግን የታመመው ሰው አለመምጣቱ ነው። የታመመው ሰው ደግሞ የሚመጣው ባለማወቅ አይደለም። ካልመጣ የቀኑን ገንዘብ ስለሚያጣ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ካዛንቺስ ወይም ለገሃር ውስጥ 12 ሠራተኛ ያለው ካፌ እንውሰድ። በወረርሽኝ ሞገድ ከአራት እስከ ሦስት ሰው አንዱ ቢታመም፣ ከ12ቱ ሦስት ወይም አራት ይታመማሉ። አራት እንበል። እያንዳንዳቸው ሰባት ቀን ቤት ይቀመጡ። 28 የሥራ ቀን ሆነ። ይህ ማለት ባለ ካፌው ሙሉ ሞገዱን የታመሙትን ሁሉ እየከፈለ ቤታቸው ለማቆየት የሚያስፈልገው የአንድ ሠራተኛ የአንድ ወር ደሞዝ ነው። ልጅ ይዘው ለሚቀሩትና ለሚያስታምሙት ሌላ ይህንኑ ያህል ቢጨምር የሁለት ወር ደሞዝ። አንድ የኤስፕሬሶ ማሽን ለማስጠገን ከሚወጣው ብዙም የሚርቅ አይመስለኝም። ይህ ገንዘብ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየተባለ በተለየ የባንክ ደብተር ቢቀመጥ ወይም ሠራተኞቹ በሚጥሉት እቁብ ላይ አሠሪው አንድ ዕጣ ለሕመም ብሎ ቢጨምር በዓመት ውስጥ ይሞላል።

ሕጉ የዚህን አብዛኛውን ክፍል አስቀድሞ አስቀምጦታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በሕመም ለቀረበት የመጀመሪያ ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ለሚቀጥሉት ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር ያለ ክፍያ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። ችግሩ ያለው በሕጉ ጥላ ሥር ባልገቡት ላይ ነው። ዕቃ አጣቢዋ ውል የላትም። አስተናጋጁ አብዛኛውን የሚኖረው በጉርሻ ነው። ማታ የሚያራግፉት የቀን ሠራተኞች ስማቸው እንኳ በፔሮሉ ላይ የለም። ዕቃ አጣቢዋ የደንበኛውን ስኒ ትነካለች፣ አስተናጋጁ ፊቱ ላይ ይተነፍሳል። በሽታውን የሚያስገቡትና የሚያወጡት ከሁሉ ይልቅ ዋስትና የሌላቸው ሰዎች ከሆኑ፣ ዝግጅቱ ከእነሱ መጀመር አለበት።

የሐኪም ወረቀትም አለ። በሰላሙ ጊዜ ሲክ ሊቭ ይዞ መምጣት ተገቢ ነው። በወረርሽኝ ሳምንት ግን ትኩሳት ያለበትን ሁሉ ወረቀት አምጣ ብሎ ወደ ክሊኒክ መስደድ ወረፋውን ማብዛትና ጤነኛውን ከታማሚው ጋር ማሰለፍ ነው። ጥቁር አንበሳን ያህል ሆስፒታል ከለገሃር በእግር የሚደረስ ቢሆንም በዚያ ሰሞን አልጋው የሚያስፈልገው መተንፈስ ላቃተው ሰው ነው። አሠሪው ለመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት በስልክ ቃል አምናለሁ፣ ከዚያ ካለፈ ወረቀት እጠይቃለሁ ብሎ ቢወስን ሕጉ አይከለክለውም፤ ሕጉ ያስቀመጠው ዝቅተኛውን ነው።

ያ የስልክ ንግግር ምን እንደሚመስል አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ማን ያነሣል፣ ምን ይጠይቃል፣ ምን ይመልሳል።

«እትዬ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ትኩሳት ይዞኛል፤ ሰውነቴን ይሰብረኛል። ግን እመጣለሁ፣ ማታ ላይ ብቻ ቢለቁኝ…»

«አይዞሽ ልጄ፣ እንዳትመጪ። ሳምንቱን ተኚ፣ ደሞዝሽ አይነካም። ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ትኩሳቱ ሄዶ ከተመለሰ ግን ሳታድሪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ ለኔም ደውዪልኝ።»

በዚህ መልስ ውስጥ የደሞዙ ቃል ሁለተኛ መምጣቱን ልብ በሉ። ሠራተኛዋ የምትፈራውን ሳትጠይቅ መልስ አገኘች። የአደጋ ምልክቶቹም ተነገሯት፤ ከጉንፋን ቀጥሎ የሚመጣው የሳንባ ምች ነው ብዙውን የሚገድለው።

ለገሃር የሚሠራ ሰው ለገሃር አይኖርም። ዱሮ ካዛንቺስና ቂርቆስ ከቢሮ በእግር የሚደረስባቸው የመኖሪያ ሰፈሮች ነበሩ፤ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። ዛሬ ጠዋት ከኮዬ ፈጬ፣ ከጀሞ፣ ከቦሌ አራብሳ የሚመጣ ሠራተኛ በሁለት ታክሲ ይደርሳል፣ ወይም ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች በጋራ በሚያልፉበት በለገሃር ጣቢያ ተጨናንቆ ይወርዳል። በ2012 የሕዝብ ማመላለሻ ከመጫን አቅሙ ግማሹን ብቻ እንዲይዝ ሲታዘዝ ያልታመመው ሠራተኛም ፌርማታ ላይ ቀረ። ስለዚህ የሰዓት ሽግሽግ ለዚህ ሰፈር ከየትኛውም ሰፈር ይበልጥ ይሠራል። ግማሹ ሠራተኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሰባት፣ ግማሹ ከሰባት ተኩል እስከ ማታ። ሁለቱ ፈረቃዎች ፊት ለፊት እንዳይገናኙ በመካከላቸው ግማሽ ሰዓት ይተው፣ መስኮቱ ይከፈት። አንደኛው ፈረቃ ቢወድቅ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ተተኪዎቹን በሁለቱ ፈረቃዎች መከፋፈልን አይርሱ፤ ሁለቱ ትራንዚተሮች አንድ ፈረቃ ላይ ከገቡ የወረቀቱ ሙከራ ሁሉ ከንቱ ሆነ።

ከቤት መሥራት የሚቻለውን ሥራ ከቤት ማሠራት ግልጽ ነው፣ አልዘገይበትም። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ፣ የባንኮቹም መተግበሪያዎች፣ ከኮሮናው ጊዜ ይልቅ ዛሬ ብዙ ክፍያ ያለ ንክኪ እንዲያልፍ ያደርጋሉ። የኮምፒዩተርና የኢንተርኔት ወጪውን ግን አሠሪው ይሸፍን።

ወደ ገንዘቡ እንለፍ። በ2012 መንግሥት ብዙ ነገር አደረገ። በአስቸኳይ ጊዜው አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ተከለከለ፣ ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ፣ የቆየ የግብር ዕዳ ተሰረዘ፣ ሥራ ቆሞባቸው ሠራተኛ መክፈል ለቀጠሉ ድርጅቶችም የአራት ወር የደሞዝ ግብር ተማረ። ነገር ግን ይህ ሁሉ የመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። በጉንፋን ሞገድ ሳምንታት ማለት የሞገዱ ግማሽ ነው። ከላይ ባልነው አዋጅ አሠሪ ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀን ሥራ ሲቆምበት የሥራ ውሉን እስከ 90 ቀን ድረስ ለማገድ መጠየቅ ይችላል። ይህን የመጨረሻ መንገድ ከመርገጥ በፊት ግን ኪራይንና ደሞዝን ቢያንስ ለስድስት ሳምንት የሚሸፍን ጥሬ ገንዘብ መያዝ ይሻላል።

ኢንሹራንስ ያድነኛል የሚል ሰው ውሉን ዛሬ አውጥቶ ያንብብ። ለንግድ መቋረጥ የሚሸጠው ሽፋን በአብዛኛው የሚሠራው እሳት ወይም ጎርፍ ንብረት ሲያወድም ነው። ወረርሽኝ ግድግዳ አያፈርስም። በእንግሊዝ አገር ብዙ ትንንሽ ድርጅቶች በኮሮና ጊዜ ካሳ ጠይቀው ተከልክለው ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፍርዱ በጥር 2013 ዓ.ም. በአብዛኛው ለነሱ ቢወጣም የወሰነው በየውሉ ውስጥ የተጻፈው ሐረግ ነበር። ብዙዎችም እስከዚያ አንድ ዓመት ገደማ ጠብቀዋል።

ገበያው ደግሞ ከበሽታው ቀድሞ ይታመማል። በ1998 ዓ.ም. የወፍ ጉንፋን ወሬ ሲናፈስ ጉራጌ አካባቢ ጉብሬ በሚገኝ የዶሮ እርባታ ብዙ ዶሮ ሞተና ምርመራ ተደረገ። የወፍ ጉንፋን አልነበረም። ወሬው ግን ምርመራውን አልጠበቀም፤ ሰው ዶሮ መግዛት አቆመ፣ ዋጋ ወደቀ፣ አርቢዎች ከሰሩ። በመጋቢት 2012 በተቃራኒው ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ በአንድ ጀምበር ዋጋቸው ሰማይ ወጣ፣ ዋጋ የቆለሉ ሱቆችም ታሸጉ። በዚያ ሰሞን ዋጋ ያልጨመረ ባለሱቅ ደንበኞቹ ዛሬም ይናገሩለታል ብዬ አምናለሁ። ዕቃ አቅራቢዎን አሁን ይወቁ፤ ከሁለተኛ አቅራቢ ጋር አሁን ይነጋገሩ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ላይ የሚነግድ ደግሞ በኮሮና ጊዜ ከጅቡቲ የሚመጡ ሹፌሮች ድንበር ላይ ለምርመራ ሲቆሙ ዕቃው ምን ያህል እንደዘገየ ያስታውስና መጠባበቂያውን በዚያ ልክ ይወስን።

ሁለተኛ ሥራ ያለው ድርጅት በዚህ ወቅት ይተርፋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መንገደኛ ሲጠፋ ከ25 ገደማ አውሮፕላኖች ላይ መቀመጫ ነቅሎ ማስክና መድኃኒት ጫነባቸው። ይህን በሳምንታት ማድረግ የቻለው ከወረርሽኙ በፊት የጭነት ተርሚናልና የጭነት ሙያተኛ ስለነበረው ነው። የለገሃር ካፌም በልኩ ይህን ማድረግ ይችላል። ለአካባቢው ቢሮዎች ምሳ ቋጥሮ የማድረስ ሥራ በሰላሙ ጊዜ በትንሹ ከተጀመረ፣ ወንበሮቹ ባዶ በሚሆኑበት ሳምንት ደንበኛው ስልኩን ያውቀዋል።

ዕቅዱ መቼ ይጀመር የሚለውን ብዙ ሰው ለዕለቱ ይተወዋል። አይበጅም፤ በዕለቱ ሁሉም አንድ ቀን እንቆይ ይላል። ምልክቶቹ ተጽፈው ይቀመጡ። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አዲስ ዓይነት ጉንፋን አገር መግባቱን ሲያስታውቅ ፈረቃው ይከፈል፣ መስኮት ይከፈት፣ የሕመም ገንዘቡ ይዘጋጅ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ ክፍል ሁለት ሰው ትኩሳት ይዞት ሲቀር፣ ምንም ማስታወቂያ ባይወጣም፣ ያ ክፍል ወደ ቤት ይላክ። ይህን የማዘዝ ሥልጣን ባለቤቱ ቢታመም ለማን እንደሚተላለፍ በስም ይጻፍ።

ሞገዱ ሲያልፍ ደግሞ ሁለተኛ ሥራ ይጀመራል። እ.ኤ.አ. በ1918 ዓለምን ከመጀመሪያው ሞገድ ይልቅ የፈጀው ሁለተኛው ነበር፤ መካከል ላይ የነበሩት ወራት ሰው ያለፈለት የመሰለባቸው ወራት ናቸው። በእነዚያ ወራት የታመሙት ሠራተኞች ማን ማን እንደሆኑ ይመዝገብ፤ ታመው የዳኑት ለዚያው ቫይረስ በአብዛኛው የተሻለ መከላከያ ስለሚኖራቸው፣ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ በሁለተኛው ሞገድ ከደንበኛ ጋር ፊት ለፊት በሚያገናኘው ቦታ እነሱ ይመደቡ። ያልታመሙት፣ ነፍሰ ጡሮችና ስኳር ወይም አስም ያለባቸው ወደ ኋላ ክፍል ይግቡ። የወጣው የሕመም ገንዘብ ይተካ። ወረቀቶቹም እንደገና ባርኔጣው ውስጥ ይግቡ፣ ሦስት ይውጡ፤ አሁን የሚወጡት ስሞች የትኛውን ሥራ እንደሚያቆሙ ይታይ።